የአባቴ እስረኛ

በዚህ ዓለም ላይ ያለ ወረፋ የሚታደል ነገር ቢኖር ምክር ነው። ስኳር በወረፋ፣ ሳሙና በወረፋ፣ ናፍጣ በወረፋ በሆነበት በደርግ ዘመን እንኳ ምክር ጠፍቶ አያውቅም። አንድ ሰው ቤቱ ታማሚ ይኑረውና ደጃፉ ላይ ቆሞ "ምን ይሻለኛል?" ይበል፤ መተማ ሙሉ ሐኪም ይሆናል። ከሱዳኗ ገላባት ግመል እየነዳ የመጣው መንገደኛ ሳይቀር ግመሉን አቁሞ መድኃኒት ያዝዝልሃል። "እስቲ አንተ አረፍ በል፣ እኔ አጠገባቸው ልቀመጥ" የሚል ሰው ግን በፋኖስ ቢፈለግ አይገኝም።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ቤታችን መተማ ከድንበሩ ድልድይ ብዙም ሳይርቅ ነበር። ከደጃፋችን ራኩባ አለችን፤ ራኩባ ማለት ከሱዳኖቹ ስሟን የወረስናት የሣር ዳስ ናት። እዚያች ጥላ ሥር የስፌት መኪናዬን ዘርግቼ ሰሊጥ ለማጨድ ከደጋ ለሚወርደው ወዛደር ቁምጣ፣ ለሱዳኑ ነጋዴ ጀለቢያ የሚሉትን ረጅም ቀሚስ እሰፋ ነበር። ሦስት ሆነን ነው የምንኖረው፤ እኔ፣ ታላቅ እህቴ የሺ፣ እና አባታችን አያ ካሴ።

አባቴ በጎልማሳነታቸው ከደምቢያ ወርደው፣ ቆላውን መንጥረው ሰሊጥ ያበቀሉ ሰው ናቸው። ስማቸውን ያስጠራው ግን ሰሊጡ ሳይሆን ዋስነታቸው ነበር። የተጣላ ሲታረቅ፣ ወዛደር ሲቀጠር፣ ግመል ሲሸጥ "ዋስ ጥራ" ከተባለ የሚጠሩት አያ ካሴ ነበሩ። እሳቸው ዋስ የሆኑለት ሰው አምልጦ አያውቅም። ሊያመልጥ ያሰበ ቢኖር እንኳ ጎህ ሲቀድ በሩን ሲከፍት ምርኩዛቸውን ተደግፈው ቆመው ያገኛቸዋል፤ "እንዴት አደርክ ልጄ?" ሲሉት ሐሳቡን ይቀይራል።

እንግዲህ እኚህ ሰው ናቸው መርሳት የጀመሩት። መጀመሪያ ምርኩዛቸውን የት እንዳስቀመጡ ረሱ። ይህማ የማን ወግ ነው? እኔም መርፌዬን ጥርሴ ላይ ነክሼ እፈልጋለሁ። ቀጥሎ ምሳ መብላታቸውን ረሱ፤ እሱም ቢሆን ለበላተኛው ክፋት የለውም። ቀጥሎ እናታችን መሞቷን ረሱ። የት ሄደች ብለው በጠየቁን ቁጥር እውነቱን ስንነግራቸው በየዕለቱ አዲስ መርዶ ሆነባቸው። ስለዚህ እኔና የሺ "ገበያ ሄዳለች" ማለትን ተማርን። ነፍሷን ይማርና እናቴ በሕይወት ሳለች ያን ያህል ገበያ ወጥታ አታውቅም።

በመጨረሻ እኔን ረሱኝ። የሺን አንዳንዴ በስሟ፣ አንዳንዴ በእናታችን ስም ይጠሯታል፤ ለማንኛውም የቤት ሰው ናት። እኔን ግን "እንግዳው" አሉኝ። በተወለድኩበት ቤት፣ በገዛ አልጋዬ ላይ፣ "እንግዳው፣ ውሃ ጠጣህ?" ይሉኛል። ደግነታቸው አልተረሳቸውም፤ የተረሳው እኔው ብቻ ነኝ። ከፋኝ፣ ምን እደብቃለሁ?

መካሪዎቻችን ታዲያ ሥራ አልፈቱም። አንዱ ነጭ ሽንኩርት በማር ይዋጡ አለ። ሌላዋ ጠበል ይጠመቁ አለች። ሌላው ጉበት፣ ሌላው የሱዳን ሻይ፣ ሌላው ደግሞ ሻይ የሚባል ነገር እንዳይደርሳቸው! ሁሉንም ሞከርን። ከሁሉ የባሰው ጎረቤታችን ሥጋ ሻጩ ነው፤ ነገሩ ብቸኝነት ስለሆነ ሚስት አምጡላቸው አለን። ኧረ እሷንም ይረሷታል ብንለው፣ "ምን ከፋ? በየቀኑ ሙሽራ ይሆናሉ!" ብሎ ቢላዋውን እያፋጨ ሄደ።

የሺ ግን ከዚህ ሁሉ ምክር ይልቅ አንዲት ከሰዓት በኋላ ትሻላት ነበር። ገበያ ከወጣች፣ ቤተ ክርስቲያን ከሳመች ስንት ጊዜዋ! ፀጉሯን እንኳ የምትሠራው አባባ ሲያንቀላፉ ነው። ሹሩባው ግማሽ ሲደርስ እሳቸው ይነቃሉ፣ ሠሪዋም ትታት ትሄዳለች። እህቴ ባንድ በኩል ወይዘሮ በሌላው በኩል ጎፈሬያም ሽፍታ መስላ የሰነበተችበት ጊዜ ነበር። "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" ይባላል። ሎሚው ሁሉ እሷ ላይ ወድቆ ነበር፤ አርባ ዘጠኙ ሰው ቆሞ ስለ ሎሚ አያያዝ ያስተምራታል።

የጭንቀታችን ጭንቀት ደግሞ መንገዱ ነው። አባቴ በየማለዳው ምርኩዛቸውን ያነሱና "ደምቢያ ልሄድ ነው፣ አገሬ" ይላሉ። ደምቢያ በምሥራቅ ነው፤ እሳቸው የሚያቀኑት ወደ ምዕራብ ነው። ደምቢያን በሱዳን በኩል! ከድልድዩ ማዶ ገላባት ነው፤ ከገላባት ወዲያ ስሙን የረሳ ሽማግሌ የሚውጥ ሜዳና ፀሐይ ነው። በዚያ ላይ በዚያ ዘመን ድንበር የተሻገረ ሰው "ጠፋ" አይባልም፤ "ከዳ" ነው የሚባለው። የከዳ ሰው ቤተሰብ ምን እንደሚጠየቅ የዘመኑ ሰው ያውቀዋል። ስለዚህ አንድ ዓይናችን ሁልጊዜ እሳቸው ላይ ነበር፤ እኔ በቀረችው አንድ ዓይን መርፌ አሾልካለሁ።

አንድ ቀን አንድ ሱዳናዊ ነጋዴ ጀለቢያ አዘዘኝ። ቁመናችን አንድ ስለሆነ፣ እሱ ሻይ ሊጠጣ ሲሄድ ጀለቢያውን እኔው ለብሼ የግርጌውን ልክ አያለሁ። አንዱ እጅጌ በመርፌ ቁልፍ የተያዘ፣ ሌላው በወፍራም ክር ለጊዜው የተያያዘ ነው። ይኼኔ የሺ ከጓሮ "አባባ የሉም!" ብላ ጮኸች። ከዚያ በኋላ ያለውን እግሬ እንጂ እኔ አላውቀውም። መታወቂያዬ ከኮቴ ጋር ሚስማር ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። መቀሱን ለማስቀመጥ እንኳ አላሰብኩም።

ድልድዩ አፍ ገመድ የተወጠረበት ኬላ አለ። ጠባቂዎቹ በዚያው ሳምንት የተቀየሩ አዲሶች ስለሆኑ አንዳቸውም አያውቁንም። አለቃቸው ጓድ ስማቸው የሚባል ከጎጃም የመጣ ሎጋ ሰው ነው። ኋላ እንደነገረኝ፣ አባቴን እንደ ደንቡ "ኢትዮጵያ ትቅደም!" ብሎ ሲቀበላቸው፣ "ትቅደም ልጄ፣ ትቅደም። እኔ እግሬ ደክሟል፤ ቀስ ብዬ እደርስባታለሁ" ብለውታል። ይህን ሌላ ሰው ቢለው ኖሮ ታሪኩ እዚህ ላይ ያልቅ ነበር። ጓድ ስማቸው ግን ሽበታቸውን አይቶ ሳቁን በመዳፉ አፍኖ፣ ድንጋይ ላይ አስቀምጦ ውሃ አስቀዳላቸው።

እኔ የደረስኩት ይኼኔ ነው። እስቲ አስቡት! ወደ ሱዳን በሩጫ፣ በሱዳን ልብስ፣ ያለ መታወቂያ፣ መቀስ ጨብጬ። እኔ ራሴ ጠባቂ ብሆን ራሴን እይዘው ነበር። "እንዴ አንተየ፣ ወዴት ነው ሩጫው?" አለኝ ጓድ ስማቸው፤ ሁለቱ ጓዶቹ ደግሞ መልሴን ሳይጠብቁ ክንዴን ጨበጡ። አባቴን ፍለጋ ነው፣ ያውና አባቴ አልኩ። ወደ እሳቸው ዘወር ብሎ "አባት፣ ይኼን ሰው ያውቁታል?" ሲል ጠየቃቸው።

አባቴ ኩባያውን አስቀምጠው ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። "አላውቀውም" አሉ። "ሁልጊዜ ይከተለኛል። ሌባ ግን አይመስለኝም፤ ሌባ ቢሆን ይቀድመኝ ነበር።"

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኼ ነው። ሽማግሌው በክብር ተቀምጠው ውሃ ይጠጣሉ፤ ፈላጊያቸው ተይዞ ቆሟል። ጓድ ስማቸው ጉዳዬን ለበላይ እንደሚያስተላልፍ ነገረኝ። "በላይ" የሚባለው ቦታ የት እንደሆነ ባላውቅም፣ የሄደ ሰው ቶሎ እንደማይመለስ ግን አውቅ ነበር። እኔ ከቀረሁ የሺ ብቻዋን ምን ይውጣታል? ላቤ የነጋዴውን ጀለቢያ አበሰበሰው። ጓድ ስማቸው እንዲያው ለወጉ ያህል "ዋስ አለህ?" አለኝ።

ይህች ቃል የትኛው የልባቸው ጓዳ እንደገባች እንጃ፣ አባቴ ብድግ አሉ። ጋቢያቸውን አስተካከሉ፣ ምርኩዛቸውን ተከሉ፣ ድምፃቸው የድሮው የአያ ካሴ ድምፅ ሆነ። "እኔ ዋስ ነኝ" አሉ።

ጓድ ስማቸው ግራ ገብቶት አሁን አላውቀውም ብለው አልነበረም ወይ ቢላቸው፣ "ለሚያውቁትማ ማን ዋስ የማይሆን አለ?" አሉት። "ዋስ የሚያስፈልገው ለማይታወቅ ሰው አይደለም ወይ?"

በንቃት ስብሰባ ላይ ለዚህ መልስ አላስተማሩትም መሰለኝ፣ ጓዶቹ ክንዴን እንዲለቁ በእጁ ምልክት ሰጠ። በኋላ "እሺ አባት፣ ይውሰዱት። ከጠፋ ግን እርስዎን ነው የምይዝ" አላቸው። አባቴ እጅጌዬን ጨብጠው ሳብ ሲያደርጉ እጅጌው ተገንጥሎ እጃቸው ላይ ቀረ። እጅጌውን በአንድ እጃቸው፣ እኔን በሌላው ይዘው መንገድ ጀመርን። ጥቂት እንደሄድን ቆም ብለው ቤታቸውን ማወቅ አለማወቄን ጠየቁኝ። አውቀዋለሁ አልኳቸው። "እንግዲያው ምራኝ" አሉ፤ "ግን እንዳታመልጥ!"

ቤት ስንደርስ የሺን "እስረኛ ይዤ መጥቻለሁና ምሳ ስጪው፤ እስረኛም ሆድ አለው" አሏት። ግማሽ ሹሩባዋን ይዛ፣ የተገነጠለውን እጅጌ እያየች፣ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች። እህቴ ስትስቅ ከሰማሁ ቆይቼ ነበር። ነጋዴው ከሻዩ ሲመለስም ጀለቢያውን አይቶ መሳቅ ወይም መክሰስ ነበረበት፤ ደግነቱ መሳቁን መረጠ።

በማግስቱ አባቴ እንደ ልማዳቸው ለደምቢያ ምርኩዛቸውን ሲያነሱ የሺ "አባባ፣ እስረኛውን ለማን ጥለውት ነው?" አለቻቸው። ቆሙ። ተመለሱ። ራኩባዋ መግቢያ ላይ በርጩማ አስመጥተው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ እኔ ስሰፋ እሳቸው ሲጠብቁኝ ይውላሉ። ሽንት ቤት ስሄድ ከኋላዬ ናቸው። ስቆይ ያስላሉ።

ጓድ ስማቸው ልጃቸው መሆኔን ከጎረቤት ሰምቶ ይቅርታ ሊጠይቅ መጥቶ ነበር። አባቴ ቀጥ ብለው "እስረኛው አለ!" ሲሉት ግን ሁሉም ገባው። እግሩን ገጥሞ "ይበርቱ አባት፣ ጥበቃውን እንዳያላሉ!" አላቸው። ከተረኝነቱ ሲወጣም እየመጣ መቁጠር ጀመረ፤ አንድ እስረኛ ቆጥሮ፣ ከአባቴ ጋር ጥቂት ተጫውቶ ይሄዳል።

ከዚያማ ወሬው ተዛመተ። ነጭ ሽንኩርት ያዘዘው መጣ፣ ጠበል ያለችው መጣች፣ ሥጋ ሻጩም መጣ፤ "አያ ካሴ፣ እርስዎ አረፍ ይበሉ፣ እኔ ልጠብቅልዎ" እያሉ በተራ በተራ አጠገባቸው ይቀመጣሉ። ሽማግሌ ለመጠበቅ ጊዜ ያልነበረው ሰው ሁሉ እስረኛ ለመጠበቅ ጊዜ አገኘ። ዘመኑ እንዲያ ነበር። ምንም ይሁን ምን፣ ሎሚው ተከፋፈለ። የሺ ገበያ ወጣች፣ ቤተ ክርስቲያን ሳመች፣ ሹሩባዋን በሁለቱም በኩል ጨረሰች። በአገሩ ካለው እስረኛ ሁሉ መፈታት የማይፈልግ እኔ ብቻ ነበርኩ።

አንድ ቀን ታዲያ መርፌ ሳሾልክ፣ "አዳነ" የሚል ሰማሁ።

ስሜ ነው። አባቴ ናቸው የጠሩኝ። ዓይናቸው ጥርት ብሎ እኔን፣ ልጃቸውን ያያል። "መቼ መጣህ ልጄ?" አሉኝ። አሁን መጣሁ አልኩ። ጉልበታቸውን ስሜ ቀና ሳልል ግን አካባቢውን ቃኙ፣ ግንባራቸውን ቋጠሩ፣ "እዚህ የነበረው ሰውዬስ?" አሉ።

ምን ልበል? ሰውዬው እኔ ነኝ ልበል? "ወጣ ብሎ ነው" አልኩ።

"አስመለጥከው!" ብለው ተነሱ። "ዋሱ እኔ ነኝ እኮ!" እነሆ አባትና ልጅ ተያይዘን እኔን ፍለጋ ወጣን። ኬላው ስንደርስ ጓድ ስማቸው አንድ ጊዜ እሳቸውን አንድ ጊዜ እኔን አይቶ፣ ፊቱን በግድ አኮሳትሮ የጠፋው ሰው ምን እንደሚመስል ጠየቀ። አባቴ መዳፋቸውን አናቴ ላይ አሳርፈው "ቁመቱ ይችን ያህላል" አሉ። "ቢቆጡት አይቆጣም። እንቅልፍ ቢነሱት አያማርርም። ልብሴን ሳበላሽ ሰው ሳያይብኝ ያጥብልኛል። እንዲህ ያለ ሰው የት ይገኛል ብለህ ነው?" ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ "ከሱ ብትማር ጥሩ ነበር" አሉኝ። ጓድ ስማቸው እንፈልገዋለን ብሎ ፊቱን ቶሎ ወደ ሱዳን አዞረ።

ስንመለስ እጄን እንደያዙ ቀስ ብለን እንሄዳለን። በራሴ ቀንቻለሁ፤ ደስም ብሎኛል። ራኩባዋ ስትታይ ቆም ብለው ፊቴን አዩና "ለመሆኑ አንተ ማነህ?" አሉኝ። የታወቅኩባት ደቂቃ ዕድሜዋ ይህችው ነበረች። እስረኛው ነኝ አልኩ።

"ተመስገን!" አሉ፣ ፊታቸው እየበራ። "በል ግባ። ልጄ አዳነ ከመጣ ግን፣ አምልጠህ እንደነበር እንዳትነግረው። እሱ ሆደ ቡቡ ነው፤ ያለቅሳል።"

አልነግረውም ብዬ ማልኩላቸው። ይኸው እስከ ዛሬ አልነገርኩትም።