የዓለምነሽ ቦይለር

ቦይለሩ የተበላሸበት ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? መበላሸቱን በጭራሽ አያወራም፤ «መብራቱ ደክሞ ነው» ይላል። ደብረ ታቦር ያለችው ጎረቤቴ ዓለምነሽ እንዲያ ናት። ከዓረብ አገር በተመለሰች በዓመቱ ቦይለር አስገጠመች። ዘንድሮ የውስጡ ማሞቂያ ተቃጠለ። ቧንቧ ሠራተኛው የመለዋወጫውን ዋጋ ሲነግራት፣ ቦይለሩን ስትገዛው እንኳ ያን ያህል አላወጣችም ነበርና አመስግና ሸኘችው።

በዚያው ሳምንት እናቷ ዓይናቸውን ሊታከሙ ከጉና መጡ። በስልክ ስትነግራቸው የከረመችውን አልረሱምና «እስቲ በዚያ ከላይ በሚወርደው ሙቅ ውሃ እጠቢኝ» አሏት። ዓለምነሽ ተበላሽቷል ማለት አቃታት።

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? እኔማ ጓሮ በእንጨት ያሞቅነውን ውሃ በአትክልት ማጠጫ ሞልቼ፣ ወንበር ላይ ወጥቼ፣ በመታጠቢያ ቤቱ መስኮት እጄን አስገብቼ አፈሰስሁ።

«እምዬ፣ ሞቀዎት?» አለች ዓለምነሽ።

«ደስ ይላል ልጄ። ጭስ ጭስ ይሸታል እንጂ።»

እናቷ የልጃቸውን እጅ በዳበሳ ፈልገው ያዙና «ሲሠራልሽ ደግሞ እመጣለሁ» አሏት። «አሁን ያቺን ልጅ ከመስኮቱ አውርጃት፤ ክንዷ ዛለ።»