በጸሎት ዘይት ኢንስፔክሽን የወደቀች መኪና

ዛሬ የደረሰብኝን ሰምታችሁ ካመናችሁኝ፣ እምነታችሁ ከእኔ ይበልጣል።

መኪናዬ በጸሎት ምክንያት ወደቀች!

ቆይ፣ አትቆጡ። ጴንጤ ነኝ። ጸሎት እወዳለሁ። ችግሩ ዘይቱ ነው።

ከመጀመሪያው ልጀምር። እህቴ ምሕረት ካምፓላ ትሠራ ነበር። ከአምስት ወር በፊት ታማ... ዐረፈች። ይህን ቃል መጻፍ ገና አልለመድኩም፤ እለፉት።

ትንሽ ነጭ መኪና ነበረቻት። እናታችን ከአዲስ አበባ ደውላ፣ "የልጄን መኪና ባዕድ እንዳይነዳት። አንተ ውሰዳት" አለችኝ።

እኔም ወደምኖርበት ናይሮቢ ነድቼ አመጣኋት። ጉምሩኩን ጨረስኩ። የቀረኝ ኢንስፔክሽን፣ ኢንሹራንስና የኬንያ ሰሌዳ ነበር። ድንበር ላይ የሰጡኝ ጊዜያዊ ፈቃድ ግን ነገ ያበቃል። ዛሬ ካላለፈች ወደ ካምፓላ ትመለሳለች። እዚያ ደግሞ አንድ ደላላ ገዢ ይዞ ይጠብቃታል።

ጭንቀቴ ገባችሁ?

ትናንት ከሰዓት የጸሎት ቡድናችን ካሳራኒ ሰፈር፣ ግቢዬ ድረስ መጣ። መሪያችን እህት አስቴር ኪሊማኒ ውስጥ ምግብ ቤት አላት፤ ዘይት አታጣም። ትልቅ ጠርሙስ የወይራ ዘይት ይዛ ከች አለች።

በሮቹን ቀባች። መስኮቶቹን ቀባች። "ሞተሩን ክፈተው!" አለች። ከፈትኩት።

"ፍሬኑስ? ዋናው ፍሬኑ አይደል እንዴ!" ብላ ተንበረከከችና በጎማዎቹ መሃል አንቆረቆረችው። ሌሎቹ "አሜን!" አሉ። እኔም አሜን አልኩ።

እምቢ ማለት ነበረብኝ። ግን ሐዘን ላይ ስትሆኑ ሰው ሁሉ የሆነ ነገር ሊያደርግላችሁ ይፈልጋል። አንዱ ሽሮ ያመጣል፣ አንዱ ስኳር። ለእኔ ዘይት ደረሰኝ።

ዛሬ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ተሰለፍኩ። ኢንስፔክተሩ ረጋ ያለ፣ ቦርጫም ሰውዬ ነው። ከመኪናዋ ሥር በባትሪ አየ። ጣቱን ነከረ። አሸተተ።

"ካካ፣ ይሄ የሞተር ዘይት አይደለም" አለኝ። ካካ በስዋሂሊ ወንድሜ ማለት ነው፤ ካካ ሲሏችሁ ግን ሁልጊዜ አትደሰቱ።

"አይደለም፣ ጌታዬ።"

"የፍሬን ዘይትም አይደለም።"

"አይደለም።"

"ሰላጣ ሰላጣ ይላል!"

ከኋላዬ የተሰለፉት ሹፌሮች ጆሯቸውን አቆሙ። ምን ልበል? እንግሊዝኛዬ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው፤ ስደነግጥ ደግሞ ወደ ስድስተኛ ይወርዳል።

"ጸሎት ነው" አልኩት።

"ጸሎቱ በየት በኩል ነው የሚያፈሰው?"

ሰልፉ በሙሉ ሳቀ!

ፍሬኑን ፈተሹት። የፊት ጎማዎቹ ተንሸራተቱ። ወደቀች።

ለእህት አስቴር ደወልኩ።

"አለፈች?"

"ወደቀች።"

"በምን?"

"በዘይቱ።"

እሷም ቀስ ብላ፣ "አንሶ ነው?"

ወገኖቼ፣ ስልኩን ዘጋሁት!

ኢንስፔክተሩ ወረቀቶቼን ሲያገላብጥ የምሕረትን ስም ከአባታችን ስም ጋር አየ። "ባለቤቷ እህትህ ናት? ጥራትና ትፈርም።"

የሞት ምስክር ወረቀቷም፣ የውርስ ወረቀቱም ቦርሳዬ ውስጥ ነበሩ። ማውጣት ብቻ ነበር። አፌ ግን፣ "አሁን የለችም" አለ።

"መቼ ትመጣለች?"

እዚያው፣ ሹፌር ሁሉ እያየኝ፣ ሰላጣ ሰላጣ እየሸተትኩ አለቀስኩ።

ሰውዬው ደነገጠ። "ፖሌ ሳና፣ ካካ፣ አይዞህ" አለና ኪሱ ውስጥ ያገኘውን ጨርቅ ሰጠኝ። ፊቴን ጠረግኩበት። ለካ ጣቱን የጠረገበት ነው! ግንባሬ ከመኪናዋ በላይ አበራ። ያን ጊዜ እሱም ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ፤ ወረቀቱንም አወጣሁለት።

ቆሞ አነበበው። ከዚያ፣ "በሳሙና አሳጥባት። ፍሬኑን መካኒክ ፈትቶ ያጽዳው። ከአሥር ሰዓት በፊት ከመጣህ እንደገና እፈትሻታለሁ" አለኝ።

አጣቢዎቹ ሦስት ጊዜ አጠቧት። መካኒኩ ፍሬኑን እየጠረገ፣ "ይቺ መኪና ተጠብሳ ነበር እንዴ?" አለኝ። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ተመለስኩ።

አለፈች!!!

በቀጥታ ዌስትላንድስ፣ ኢንሹራንስ ቢሮ። አንዲት ልጅ ፎርም ሰጠችኝ። "መኪናውን በዋናነት የሚነዳው ማነው?" ይላል።

ምሕረት ብዬ ጻፍኩ።

ሌላ ፎርም ለመንኩ። ምሕረት።

በሦስተኛው ልጅቷ፣ "ስምህ ጠፋህ እንዴ?" አለችኝ። እስክሪብቶዬን ጨብጬ፣ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ ፊደል በፊደል፣ ናትናኤል ብዬ ጻፍኩ። ማህተሙን መታችልኝ። ሰሌዳዋን ነገ ጠዋት እወስዳለሁ።

ከነገ ጀምሮ የምነዳት እኔ ነኝ። እስቲ ንገሩኝ፣ ሁለት ፎርም ብቻ አበላሽቶ የራሱን ስም ያስታወሰ ሰው ጎበዝ አይባልም?