ቀን ያልወጣላቸው የበዓል ሹም

በሩሲያ ምድር በወጉ የማይዘጋ የውጭ በርና ዛሬ ምን በዓል እንደሆነ ጠንቅቃ የምታውቅ ሴት የሌሉበት ሕንፃ የለም። በሩን ማሠራት ይቻላል። ሴትዮዋን ግን የሚችላት የለም።

የኛ ባለ አምስት ፎቅ የበዓላት ሹም ክብርት ክላቭዲያ ዛካሮቭና ናቸው። ዕድሜያቸው ሰባ አራት ነው፤ ቁመታቸው ከበር እጀታ ብዙም አይበልጥም፤ ድምፃቸው ግን ኮስትሮማ ከተማ ላይ ሲናገሩ ከቮልጋ ወንዝ ማዶ ይሰማል። ሠላሳ ዓመት ቲያትር ቤት በር ላይ የተመልካቹን ካፖርት እየተቀበሉ ሲሰቅሉ ኖረዋል፤ ዛሬም ቤታቸው የሄደ እንግዳ ካፖርቱን በገዛ እጁ መስቀል አይፈቀድለትም። ወጥ ቤታቸው ውስጥ በየቀኑ አንድ ቅጠል የሚቀደድለት የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል፤ በዓላቱ በቀይ የታተሙ ናቸው። ጠዋት ቅጠሏን ቀድደው ያነቡና የሚመለከተውን ሰው ደወል ይጫናሉ። "እንኳን አደረሰህ!"

"ለምኑ?" ብሎ የጠየቀ ወየውለት።

ጋዜጣ ላይ የምሞነጭር ሰው ስለሆንኩ ጃንዋሪ 13፣ የጋዜጠኞች ቀን ነው ብለው ከአልጋዬ አስነሱኝ። በማግስቱም አልማሩኝም።

"ቬኒያሚን፣ እንኳን ለአሮጌው አዲስ ዓመት አደረሰህ!"

"ኧረ ክላቭዲያ ዛካሮቭና፣ አዲስ ዓመትን ካከበርን ሁለት ሳምንት ሆነን እኮ! ጉበቴ ገና አላገገመም።"

"ያኛው አዲሱ ነው፤ ይሄ በድሮው የዘመን አቆጣጠር አሮጌው። አሮጌ ስለሆነ ይናቃል እንዴ?"

ፌብሩዋሪ 23 ደግሞ የአባት አገር ጠባቂዎች ቀን ነውና ካልሲ ይዘው መጡ። እግሬ ጠፍጣፋ ነው ተብዬ ሠራዊቱ እንዳልተቀበለኝ ባስረዳቸው "ታዲያ ካልሲ ለጠፍጣፋ እግር አይሆንም?" አሉኝ። ማርች 8፣ በሴቶች ቀን፣ ደረጃው ላይ ቆመው የወንዱን ሁሉ አበባ ይቆጥራሉ። ጎዶሎ ቁጥር ያልፋል፤ ጥንድ ቁጥር ግን በአገራችን ልማድ የቀብር ነው። አራት ጽጌረዳ ይዞ የገባን አንድ ባለትዳር "ምነው፣ ሚስትህ ሞተችብህ?" ብለው አንዷን ነጥቀውታል።

ሴፕቴምበር 13 ሦስተኛ ፎቅ አዲስ የገባው የኮምፒውተር ባለሙያ ሮዲዮን ተራ ደረሰ። ፒሮግ የምንለውን ጎመን የተሞላ ዳቦ ይዘው በሩ ላይ ተገተሩ። "ዛሬ የዓመቱ ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስተኛ ቀን ነው፤ ያንተ ቀን! ምን ማለት እንደሆነ አይገባኝም፤ እንኳን አደረሰህ!"

ልጁ ልቡ ተነካ። ከቅን ልቡም "የእርስዎ ሙያ ቀንስ መቼ ነው? እኔም እንኳን አደረስዎ ልበል" አላቸው።

የአሳ አጥማጁን፣ የባቡር ሠራተኛውን፣ የጂኦሎጂስቱን ቀን በቃላቸው የሚወጡት ክላቭዲያ ዛካሮቭና ፒሮጉን እጁ ላይ አስቀመጡለት። "ካፖርት የሚሰቅል ሰው ምን ቀን አለው ልጄ" ብለው ወደ ቤታቸው ወጡ። ከዚያ ወዲህ የማንንም ደወል አልነኩም።

ኦክቶበር 5 የመምህራን ቀን ነበር። አራተኛ ፎቅ ያለችው መምህርት ታይሲያ ሻይ አፍልታ ብትጠብቅ የመጣ የለም። ኖቬምበር 4፣ ያውም የሕዝብ አንድነት ቀን፣ ሕንፃው እንደ መቃብር ጭር አለ። ያ ደወል ስንቴ እንዳስረገመኝ እግዜር ያውቃል፤ ግን ናፈቀኝ።

ሮዲዮን፣ ታይሲያና እኔ መከርን። ጨው ልበደር ብዬ ክላቭዲያ ዛካሮቭና ቤት ሄድኩና ወደ ቁም ሳጥኑ ዞር ሲሉ፣ ማተሚያ ቤት ያሳተምኳትን ቅጠል የቀን መቁጠሪያው ውስጥ ሸጎጥኳት። "ኖቬምበር 19። የካፖርት ተቀባዮች ቀን።" በቀይ! ማንም ያልያዘው ቀን መስሎኝ ነበር። ቀኑን ለአንደኛ ፎቁ ጡረተኛ መኮንን ለኢግናት ፎሚች ስነግራቸው ሳል ቢጤ አሉና "ጥሩ ቀን መርጠሃል" አሉኝ።

በዕለቱ ጠዋት አራታችን አበባ ገዝተን፣ ካፖርታችን ላይ በረዶ እንደተጫነ ደወሉን ተጫንን። ቅጠሏን በእጃቸው ይዘው ከፈቱልን።

"እንኳን አደረስዎ!" አልን በአንድ ድምፅ።

ቅጠሏን አዩ፤ እኔን አዩ። "ኖቬምበር 19 የሚሳኤልና የመድፈኛ ጦር ቀን ነው። መድፈኞቹን የት አደረስካቸው፣ አንተ?"

ጆሮዬ ጋለ። ለካ ኢግናት ፎሚች ዕድሜያቸውን ሙሉ መድፈኛ ነበሩ!

"እኔ ፈቅጄ ነው ዛካሮቭና" አሉ ሽማግሌው። "ስንት ዓመት አክብሬዋለሁ፤ ዛሬስ ያንቺ ይሁን።"

ክላቭዲያ ዛካሮቭና ዓይናቸው እንባ አቀረረ። አበባውን ተቀበሉን፤ ከዚያም ልማድ አይለቅምና መቁጠር ጀመሩ።

"አሥራ ሁለት! ልትቀብሩኝ ነው የመጣችሁት?"

አራታችንም ተጠንቅቀን ሦስት ሦስት ገዝተናል፤ መደመሩን ያሰበ አልነበረም። አንዷን መዘዙና ኢግናት ፎሚች ደረት ላይ ሻጧት። "እንኳን አደረሰህ፣ መድፈኛ። ይኸው፣ አሥራ አንድ ሆነ።"

ካፖርታችንን አውልቀን እንደ ወትሮው ዘረጋንላቸው። እጃቸውን ወደ ኋላ አደረጉ።

"ዛሬ በዓሌ ነው፤ አልሠራም። ራሳችሁ ስቀሉ።"

ሰቀልን። የኔ ወደቀ። ትንሽ ታገሡ፣ አላስቻላቸውም፤ አንስተው በረዶውን አራግፈው በወጉ ሰቀሉት።