እንደ ቅቤ የለሰለሰው ማርሽ

(ጣሊያን ቡሬ ላይ ከሰፈረ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ወሩ ሰኔ። ከቡሬ ወደ ደንበጫ በሚወስደው መንገድ ዳር አንድ ካሚዮን ቆሟል። ከላዩ ለካምፑ መታረጃ የተቀማ ዳለቻ በሬ ታስሯል። የበሬው ጌታ ሞፈር ጠራቢው ዘሩ ነው። በሬውን ብሎ እየሮጠ ቢደርስ፣ ሾፌሩ እጅጉ «አንተ እንጨት ጠራቢ አይደለህ? ማርሼ ጠንክሮ አልገባ አለኝ፤ ና አለስልስልኝ» ብሎ ያዘው። ምስኪን ዘሩ! ዳለቻ ከሄደ ጥማዱ ጎደለ፤ ጥማዱ ከጎደለ ደግሞ እርሻው ቀረ።)

እጅጉ፦ አሳጥረው አልኩህ! የማርሹ ዘንግ ሲያጥር እጅ ብዙ አይንከራተትም፣ ማርሹም ቶሎ ይገባል። ይሄ አስመራ ድረስ የታወቀ ነው።

ዘሩ፦ እንጃ ጌታው፤ ሞፈር ሲያጥር እኮ ማረሻው የበሬውን ተረከዝ ይወጋል።

እጅጉ፦ ካሚዮን ተረከዝ አለው?

ዘሩ፦ (ጎንበስ ብሎ ጎማውን እያየ) እኔ ምን አውቄ።

እጅጉ፦ ጫፉ ላይ ደግሞ ይቺን ቀንድ ትሰካለህ። ብረቱ መዳፌን ልጦ ጨረሰው።

ዘሩ፦ ቀንድ ካበቀለ አይዋጋም?

እጅጉ፦ ወይ ባላገር! ከሥሩ ጠፍር ጠምጥምበት፤ ሲንቀጠቀጥ ጥርሴን ሊያወልቀው ነው። ማርሽ በቀየርኩ ቁጥር ጣሊያኑ ካፒቴን «አህያ!» ይለኛል።

ዘሩ፦ እርስዎን የመሰለ ሰው! ጌታው... ዳለቻዬን ቢያወርዱልኝስ? ልጆቼ ጦማቸውን ያድራሉ።

እጅጉ፦ የካፒቴኑ የበዓል ሥጋ ነው፤ አርፈህ ሥራህን ሥራ! እኔ ዋርካው ሥር ጋደም ልበል። ሳይለሰልስ እንዳትቀሰቅሰኝ።

(ዘሩ ዘንጉን ከካሚዮኑ ባገኘው የብረት መጋዝ አሳጠረ፣ ቀንዱን ሰካ፣ ጠፍሩን ጠመጠመ። ከዚያ ከካሚዮኑ ሆድ ሥር ገብቶ ጥቂት ጎረጎረ።)

ዘሩ፦ ጌታው፣ ይሞክሩት።

እጅጉ፦ (ወንበሩ ላይ ወጥቶ) አንደኛ! ሁለተኛ! ሦስተኛ! በሁለት ጣት! እንደ ቅቤ! አየህ፣ ጭንቅላት ማለት ይሄ ነው!

ዘሩ፦ የእርስዎ ነዋ።

እጅጉ፦ በል በሬህን ተሰናበተው! (ሞተሩ ያጓራል፤ ካሚዮኑ ግን ንቅንቅ አይልም) አንደኛ... ሁለተኛ... ምን ሆነ?

ዘሩ፦ እንጃ። እኛ አገር አልሄድ ያለ ነገር በበሬ ይጎተታል።

እጅጉ፦ በሬ! በሬማ አለን! ካፒቴኑ ሳይገርፈኝ!

(ራሱ ገመዱን ፈትቶ በሬውን ያወርዳል። ዘሩ የዳለቻን ግንባር ይዳብሳል፤ እንባው መጥቷል።)

ዘሩ፦ ብቻውን አይጎትትም፤ አቻውን ላምጣለት።

እጅጉ፦ ሂዳ!

ዘሩ፦ አቻው ዳለቻን ካላየ ከበረት አይወጣም።

እጅጉ፦ ታዲያ ይዘኸው ሂድ! ምን ይገትርሃል? ሩጥ!

(ዘሩና ዳለቻ ከመንገዱ በታች ያለውን ወንዝ ተሻግረው ዳገቱን ጨረሱ።)

እጅጉ፦ ዘሩ! አንተ ዘሩ! ... አያ ዘሩ! መቼ ይመለሳሉ?

ዘሩ፦ (ከዳገቱ ጫፍ አንዲት ብሎን ከፍ አድርጎ) አንተ እጅጉ! ዘንግህን ከማርሹ የምታያይዘው ይቺ ነበረች!

እጅጉ፦ ኧረ በማርያም! አበላሹብኝ?

ዘሩ፦ ምን አበላሸሁ? «ይለስልስ» አልከኝ እንጂ፣ «ይሂድ» መች አልከኝ!