ከጥምቀት ወዲህ ማደያ ያልረገጠችው ሞተር

ይህን ለመጻፍ ስነሣ እጄ ይፈራል። ፊደል የቆጠርሁት ዕድሜዬ ከገፋ ነው፤ ዛሬም ረጅም ቃል ሲገጥመኝ መካከሉ ላይ ዐረፍ ብዬ ነው የምጨርስ። የተጣመመ መስመር ያገኛችሁ እንደሆነ ይቅር በሉኝ። ሳልጽፈው ብቀር ግን የሚቆጨኝ እኔን ነውና እንዲያው በድፍረት ጀመርሁት።

ጌትነት ሐይቁ ዳር ካለ መናፈሻ አትክልት የሚያጠጣ ሰው ነው። አንድ ነገር መናገር ጀምሮ መጨረስ ይከብደዋል። ነገ ሰኞ ማለዳ የነፍስ አባቱን አባ ፍሬ ስብሐትን በሞተሩ አፈናጥጦ መራዊ ከተማ ማድረስ አለበት፤ ሔራንን ለትዳር ከአባቷ የሚጠይቁለት እሳቸው ናቸው። የሔራን አባት ደግሞ ነገ ቆጋ ላይ የመስኖ ውሃ ተራቸው ስለሆነ ፀሐይ ሞቅ ካለ ቤት አይገኙም። በባሕር ዳር ቤንዚን ጠፍቷል። የጌትነት ሞተር ውስጥ የቀረችው ቢበዛ ለመሄጃ ብትበቃ ነው፤ ለመመለሻ የለም። ፀሐይወርቅ የምትባል የፋብሪካ ሠራተኛ ትናንት ቅዳሜ የቤንዚን ሰልፍ ላይ ይህን ሰምታ «ነገ ከሰዓት ቤት ብቅ በል፣ መላ አይጠፋም» አለችው። ብቅ ሲል እሷ አራስ ልትጠይቅ ወጥታለች። ያገኘው ባሏን አምሐን ነው። አምሐ በኮሌጅ ጽሕፈት ቤት ደመወዝተኛ ነው፤ ስለ ሞተር የማያውቀው ነገር የለም፣ እንደ ራሱ አባባል።

[የአምሐ ግቢ። ሁለት ሞተሮች ጎን ለጎን ቆመዋል፤ አንዷ ታብለጨልጫለች፣ አንዷ አቧራ ለብሳለች። ከሐይቁ በኩል ነፋስ ይነፍሳል።]

አምሐ፦ ነገርሁህ እኮ። ቤንዚን የሚጠጣው ሞተሩ አይደለም፤ ነጂው ነው።

ጌትነት፦ እኔማ ሽታው ራሱ ያመኛል፣ ጋሽ አምሐ።

አምሐ፦ አይ አንተ። አነዳድህ ነው የሚያስጨርሳት ማለቴ ነው። ይችን የእኔን እያት። ከጥምቀት ወዲህ ማደያ ደጅ አልረገጠችም።

ጌትነት፦ ከጥምቀት ወዲህ?

አምሐ፦ ከጥምቀት ወዲህ። [የቤንዚን መያዣውን፣ የሰልባትዮውን ክዳን ይከፍታል] ና እይ።

ጌትነት፦ [አጎንብሶ ያያል] እስከ አፏ ሞልታለች። ግን እኮ ትናንት ሰልፍ ላይ እትዬ ፀሐይወርቅ...

አምሐ፦ ሰልፍ አትበለኝ። ሰልፍ የተሠራው ካርብራተር ማስተካከል ላቃተው ሰው ነው። ለመሆኑ ያንተዋ በሊትር ስንት ትሄዳለች?

ጌትነት፦ ሰባታሚት ደርሼ ስመለስ አንዳንዴ ትቆማለች። አንዳንዴም አትቆምም።

አምሐ፦ ይኸ ቁጥር ነው?

ጌትነት፦ ቁጥር የሚያሳየው ከተሰበረ ቆይቷል።

አምሐ፦ ይሁን። እንደ ሐኪም ልጠይቅህ፣ እንደ በሽተኛ መልስ። ሰው ትጭናለህ?

ጌትነት፦ አባን ነው የምጭን። ማኅበር ሲኖር፣ ክርስትና ሲኖር።

አምሐ፦ ከባድ ናቸው?

ጌትነት፦ እሳቸውስ ቀላል ናቸው። ጃንጥላቸው ናት የምትከብድ።

አምሐ፦ ጃንጥላ ምን ይከብዳል?

ጌትነት፦ ተዘርግታ እኮ ነው።

አምሐ፦ ሞተር ላይ? እየሄዳችሁ?

ጌትነት፦ ፀሐይ አይስማማቸውም። ከሐይቁ ነፋስ የመጣ እንደሆነ ወደ ኋላ ትጎትተናለች። እኔ ነዳጅ እሰጣለሁ፣ እሷ ትጎትታለች፣ እሳቸው ዳዊት ይደግማሉ።

አምሐ፦ እንዲያጥፏት ንገራቸዋ።

ጌትነት፦ የነፍስ አባቴን? ንስሐ የሚሰጡኝን ሰው?

አምሐ፦ [በረጅሙ ይተነፍሳል] እሱን ትተን ወደ ጎማው እንሂድ። [በአውራ ጣቱ ይጫናል] ይኸ ጎማ ነው ወይስ ትራስ?

ጌትነት፦ አባ እንዳይንገላቱ ብዬ ትንሽ አስተነፈስሁት።

አምሐ፦ የተነፈሰ ጎማ መሬት ላይ ይለጠፋል። ሞተርህ ሁለት ሥራ ነው ያለባት፤ አንዱ መሄድ፣ አንዱ መላቀቅ። ማርሽስ? በስንተኛ ነው የምትነዳ?

ጌትነት፦ ሁለተኛን እወዳታለሁ። አራተኛ ችኩል ናት።

አምሐ፦ በሁለተኛ ባሕር ዳርን ስትዞር ትውላለህ?

ጌትነት፦ ሰላም ለማለት ይመቻል። በአራተኛ ሰው ሰላም ሲለኝ አልፌው እሄዳለሁ፣ ኮራ ይሉኛል።

አምሐ፦ እግርህንስ? ስትነዳ እግርህን የት ነው የምታደርግ?

ጌትነት፦ ፍሬኑ ላይ።

አምሐ፦ ሁልጊዜ?

ጌትነት፦ ድንገት ላም ብትገባስ። ያኔ ፍሬኑን ከምፈልግ ብዬ።

አምሐ፦ በእጅህ ነዳጅ ትሰጣለህ፣ በእግርህ ትከለክላለህ?

ጌትነት፦ አጥብቄ አልረግጥም። በትሕትና ነው።

[አምሐ በሞተሯ ዙሪያ ይዞራል። የግራው መሪ ላይ የተንጠለጠለች ፌስታል አይቶ ይቆማል።]

አምሐ፦ ይችስ ምንድን ናት?

ጌትነት፦ ቆሎዬ ናት። ይዘግኑ።

አምሐ፦ የሰቀልህባት ምን ላይ እንደሆነ ታውቃለህ?

ጌትነት፦ መስቀያዋ ላይ።

አምሐ፦ መስቀያ አይደለም፣ ቾክ ነው። ማለዳ ሞተሩ ሲበርደው ለጥቂት ተስቦ የሚለቀቅ። ተስቦ ከዋለ አየሩን ይዘጋዋል፤ ሞተሯ ያለ አየር ቤንዚን ብቻ ስትግት ትውላለች።

ጌትነት፦ እኔ ደግሞ ፋብሪካው ለፌስታል ያበጀው መስሎኝ። እንዴት ያሉ አሳቢዎች ናቸው እያልሁ ሳመሰግን ነበር።

[ፌስታሏን አውርዶ ያቅፋል።]

ጌትነት፦ እንግዲያ ፌስታሏን ካነሣሁ፣ እግሬን ካነሣሁ፣ ጎማውን ካስነፋሁ ይበቃል?

አምሐ፦ ይበቃል ያለህ ማን ነው? ቤንዚንና አየር የሚያደባልቀው ካርብራተሩ ገና መች ተነካ።

ጌትነት፦ አይ፣ እሱ እንኳ ባይነካ። እትዬ ፀሐይወርቅ እስኪመጡ...

አምሐ፦ ፀሐይወርቅ ስለ ካርብራተር ምን ታውቃለች? [ካቻቢቴ ያነሣል፤ ሞተሩን ያስነሣል] ስማ ድምፅዋን። ወፍራም ነው። የጥጋብ ድምፅ ነው። ይችን ብሎን በጥቂቱ ስናዞራት፣ አሁንስ?

ጌትነት፦ ቀጠነ።

አምሐ፦ አሁንስ?

ጌትነት፦ ወፈረ።

አምሐ፦ አሁንስ?

ጌትነት፦ ጋሽ አምሐ፣ ይኸ ሲቀጥንና ሲወፍር ያቺ ለመራዊ ያስቀመጥኋት ቤንዚን...

አምሐ፦ ሞተር የሚስተካከለው ሲሞቅ ነው። ቀዝቃዛ ሞተር ይዋሻል። አንድ ጊዜ ዓባይ ድልድይ ደርሼ ልምጣ።

[ይወጣል። ጌትነት ቆሎውን አቅፎ የግቢውን በር ያያል። ፀሐይወርቅ አልመጣችም። አምሐ ይመለሳል፤ ሞተሩን ሳያጠፋ ያወራል።]

አምሐ፦ ሜዳ ላይ ግሩም ሆናለች። ዳገት ላይ ሳላያት ግን ምስክርነት አልሰጥም።

ጌትነት፦ የመራዊ መንገድ እኮ ያን ያህል ዳገት...

አምሐ፦ ለክፉ ቀን ነው የምልህ። የቤዛዊትን ኮረብታ ወጥቼ ልውረድ።

ጌትነት፦ ጋሽ አምሐ፣ እባክዎ...

አምሐ፦ አታመስግነኝ። ገና አልጨረስሁም።

[ይወጣል። ይቆያል። ሲመለስ በሩ ላይ ሞተሯ ታስላለች፣ አንድ ጊዜ ትንቀጠቀጥና ዝም ትላለች።]

አምሐ፦ ሰማህ?

ጌትነት፦ ምንም አልሰማሁም።

አምሐ፦ እሱን እኮ ነው የምልህ። ቆማ የምታሰማው ድምፅ፣ ሚኒሞው፣ እንዴት ዝቅ እንዳለ።

ጌትነት፦ ጠፍታለች እኮ።

[አምሐ ክዳኑን ይከፍታል። ሞተሯን ግራና ቀኝ ያወዛውዛል። ጆሮውን ያስጠጋል፣ ቀጥሎ አፍንጫውን።]

ጌትነት፦ አለ?

አምሐ፦ ሽታው አለ።

[ጌትነት በርጩማ ስቦ ይቀመጣል። አባ ነገ ማለዳ ነጠላቸውን አጣፍተው ደጃቸው ላይ ቆመው ይታዩታል። የሔራን አባት አካፋቸውን ተሸክመው ወደ ቆጋ ሲወርዱ ይታዩታል። ፀሐይወርቅ ትገባለች።]

ፀሐይወርቅ፦ ጌትነት፣ አስቆየሁህ አይደል? ምን ሆናችሁ ነው ለቅሶ ቤት የመሰላችሁ?

ጌትነት፦ አለቀ፣ እትዬ ፀሐይወርቅ።

አምሐ፦ አለቀ ብቻ አይባልም። ተስተካክላ ነው ያለቀባት።

ፀሐይወርቅ፦ አምሐ፣ የሰውየውን ቤንዚን ጨረስህበት? ነገ ሽማግሌ የሚልክ ሰው እኮ ነው።

አምሐ፦ ምን ችግር አለ? የእኔን ይዞ ይሂድ። እኔ ባስተካከልሁት ካርብራተር መራዊን ደርሶ ተመልሶ ይተርፈዋል። ከጥምቀት ወዲህ እኮ...

ፀሐይወርቅ፦ ከጥምቀት ወዲህ ምን?

አምሐ፦ ጠብታ አልቀዳሁባትም።

ፀሐይወርቅ፦ አንተማ አልቀዳህም።

[አምሐ ካቻቢቴውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው ያዛውራል።]

አምሐ፦ ማን ቀዳ ታዲያ?

ፀሐይወርቅ፦ ከሌሊት ፈረቃ ስመለስ አንተ እንቅልፍ ላይ ነህ። ይዣት እወጣለሁ፣ እሰለፋለሁ፣ አስሞልቼ ቦታዋ ላይ አቆማታለሁ። ከዚያ ቁርስህን እሠራለሁ።

አምሐ፦ አንቺ? ሞተር መንዳት ማን አስተማረሽ?

ፀሐይወርቅ፦ ባሕር ዳር ተወልጄ ሳይክል የማልነዳ መሰለህ? ይች ፔዳል የቀረላት ሳይክል ናት።

አምሐ፦ ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?

ፀሐይወርቅ፦ አንተ ሰልፍ ከያዝህ ለፊተኛውም ለኋለኛውም ካርብራተር ስታስተምር ተራህ ያልፍሃል። አምና ስንት ጊዜ ባዶዋን እየገፋህ መጣህ። ኋላ ደግሞ ክዳኑን ከፍተህ «የእጄ ሥራ ነው» እያልህ ስትደሰት ሳይህ፣ ምን ልበል? ደስ ይበለው ብዬ ተውሁት።

አምሐ፦ [ወደ ጌትነት ዞሮ] አንተስ ታውቅ ነበር?

ጌትነት፦ ከፊቴ እኮ ናቸው የሚሰለፉ።

አምሐ፦ አውቀህ ነው ይኸን ሁሉ ሰዓት ዝም ያልኸኝ?

ጌትነት፦ ዝም አላልሁም። ጀምሬው ነበር፤ መካከሉ ላይ ካርብራተር ገባበት።

[ፀሐይወርቅ የአምሐን ሞተር ቁልፍ ከኪሷ አውጥታ ለጌትነት ትሰጠዋለች። አምሐ ቁልፉ ከመቼ ጀምሮ እሷ ኪስ እንዳለ መጠየቅ ፈልጎ ይተወዋል።]

በማግሥቱ ጧት ጌትነት በአምሐ ሞተር አባ ፍሬ ስብሐትን አፈናጥጦ ወጣ። በአራተኛ ማርሽ ሄደ፣ እግሩንም ከፍሬኑ አነሣ። ሰላም ያሉትን ሁለት ሰዎች አልፎ በመሄዱ ግን እስከ ከተማው ዳር ድረስ ሲሳቀቅ ነበር። ጃንጥላዋ ከኋላው እንደ ተዘረጋች ናት፤ ስለ እሷ ለመናገር አፉን ከፈተ፣ መልሶ ዘጋው። መራዊ ሲደርሱ የሔራን አባት ቦቲ ጫማቸውን እያጠለቁ ነበር። ከአባ ጋር የሚገቡት የመራዊ ሽማግሎችም ደጅ ላይ ይጠብቃሉ። አባ ገቡ። ጌትነት እንደ ወጉ ከአጥሩ ውጭ ቀረ፣ ሞተሩን አጥፍቶ።

አባ ሲወጡ ፊታቸው ፈክቷል። «እንመካከርበት፣ በሳምንቱ ተመለሱ ብለዋል» አሉት። እምቢ ሊል የፈለገ አባት ተመለሱ አይልም። ጌትነት ከደስታው ብዛት ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ እንዳለ ቀና አለ። በሳምንቱ መመለስ ማለት በሳምንቱ ቤንዚን ማለት ነው።

አባን ቤታቸው አድርሶ በቀጥታ ወደ ማደያው ሄደ። አምሐ የጨረሰበትን ቤንዚን ሊተካ ከቢሮ አስፈቅዶ፣ የጌትነትን ባዶ ሞተር ገፍቶ አምጥቶ ከማለዳ ጀምሮ ሰልፍ ላይ ነበር። ከኋላው ለቆመ ባጃጅ ነጂ ብሎን እንዴት እንደሚዞር በእጁ እያሳየ ነው። ከፊቱ ሰልፉ ተንቀሳቅሶ ሰፊ ክፍተት ተፈጥሯል፤ ከጎን አንድ ሁለቱ ሊገቡበት አሰፍስፈዋል።

ጌትነት፦ ጋሽ አምሐ፣ ተራዎ እያለፈ ነው።

አምሐ፦ አንዴ ይችን ነገር ልጨርስለት።

ጌትነት፦ አይጨርሱለት።

የመጣባትን ሞተር ዳር አቆመ። የራሱን ሞተር መሪ ከአምሐ እጅ ተቀበለና እየገፋ ክፍተቱ ውስጥ ገባ፤ ሰልፉንም ያዘ።