የፍስክ እንጨት

ሐበሻ በሁዳዴ ሁለት ሥራ አለው። አንዱ መጾም ነው፤ ሁለተኛው የጎረቤቱን ጾም መቆጣጠር። እውነቱን ተናገር ካላችሁኝ፣ የመጀመሪያውን ብዙዎቻችን እያማረርን ነው የምንወጣው። ሁለተኛውን ግን... ወዳጆቼ፣ ሁለተኛውን በፍቅር ነው የምንሠራው!

ይህን የምላችሁ ጁባ ላይ ምግብ ቤት ከፍቼ ስላየሁት ነው። ሀይ ማላካል የሚባለው ሰፈር ያለችው ቤቴ ጣሪያዋ ቆርቆሮ፣ አጥሯ ቀርከሃ ቢሆንም ስሟ የተከበረ ነው። ያስከበራት ሽሮዋ እንዳይመስላችሁ፤ ጋሽ ደምሴ ናቸው። ጋሽ ደምሴ ሀይ ጀላባ ሰፈር የመኪና መለዋወጫ የሚሸጡ፣ ባለ ትልቅ ሪዝ፣ ባለ ትልቅ አፍንጫ ሰው ናቸው። በጾም ወራት እሳቸው የበሉበት ቤት ይሞላል፤ ሳህኑን አሽትተው የገፉበት ቤት ደግሞ እስከ ፋሲካ ዝንብ ሲያባርር ይከርማል። ከእኔ ፊት ለፊት ያለውን ምግብ ቤት "ይሄ ድስት ሥጋ ያውቃል" ብለው ጥለውት ሲወጡ፣ የሀይ ጀላባ ጾመኛ በሙሉ ተከትሏቸው ወደ እኔ ጎረፈ። እኔም አፌ አያርፍ፣ "እዚህ ቤት በሁዳዴ የቅቤ ጥላ አይገባም!" ብዬ በሰው ፊት ፎከርኩ።

ፎከርኩ እንጂ... ጓዳ ውስጥ አንድ ጣሳ ቅቤ ነበረችኝ። ለፋሲካ ብዬ ከአዲስ አበባ ያስመጣኋት፣ በኮረሪማና በኮሰረት የነጠረች፣ ክዳኗ ጥብቅ ያለ። ያልተከፈተ ቅቤ ጾም አይገድፍም፤ ወይስ ይገድፋል ትላላችሁ?

አንድ ሐሙስ ማታ የዓመቱ የመጀመሪያ ዝናብ ከነነፋሱ መጣና ደጃፌ ላይ የቆመውን ትልቅ የኒም ዛፍ ነቅሎ ልክ መግቢያዬ ላይ አጋደመው። ማግስቱ ዓርብ ነው! ጾመኛ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ተርቦ የሚመጣበት ዓርብ! በሬ ከተዘጋ ሰው ወዴት ይሄዳል? ፊት ለፊት ነዋ። ጎረቤቴ በማለዳ መጥቶ ግንዱን አየና "እግዚአብሔር ያጥናህ" አለኝ። ዞሮ ሲሄድ ትከሻው በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ጋትሏክን ጠራሁት። ጋትሏክ ጋምቤላ በስደት ያደገ ኑዌር ነው፤ አማርኛው ከእኔ ይጣፍጣል፣ የሞተር መጋዝም አለው። መጋዙን ታቅፎ በቦዳቦዳ፣ በኪራይ ሞተር ሳይክል፣ ከተፍ አለ።

"ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም" አለኝ ግንዱን መታ መታ አድርጎ። "ለምሳ እናደርስልሃለን።"

እኔ የሞተር መጋዝ እንደ ቢላዋ የሚቆርጥ ይመስለኝ ነበር። "ይሄ አይቆርጥም፣ ይበላል" አለና ሰንሰለቱን አሳየኝ። እያንዳንዱ ጥርስ እንደ አናጢ መላጊያ እንጨቱን እየላገ ያነሳል። አንዱ ወደ ቀኝ፣ ቀጣዩ ወደ ግራ ስለሚያዘነብል መንገዱን ለራሱ ያሰፋል። ከጥርሱ ፊት ደግሞ አጠር ያለች ጉብታ አለች።

"ይቺ ጉርሻውን ትመጥንለታለች። እሷ ባትኖር ከአቅሙ በላይ ይጎርስና ይታነቃል።"

እንዴት ያለች አስተዋይ ፍጥረት ናት! ምላሴ ፊት አንድ እንደሷ ያለች ብትኖረኝ ኖሮ ያን ቀን ባልፎከርኩ።

"ከሥር ያሉት ሹሎች አይበሉም" አለ ጋትሏክ። "በብረቱ ቦይ ውስጥ እየሮጡ ዘይት ያዞራሉ። ዘይት ከሌለ ብረቱ ይግላል፣ ሰንሰለቱም ያበቃለታል።" ይህን ብሎ የዘይቱን ክዳን ከፈተ። ባዶ!

"ዘይት አምጣ።"

ወደ ወጥ ቤት ሮጥኩ። ወጥ ሠሪዬ እትዬ ዘነበች የዘይቱን ጠርሙስ አቅፋ ጠበቀችኝ።

"ያለችን ይቺ ብቻ ናት! ሽሮውን በምን ልሥራው? በእንባዬ?"

"እትዬ፣ በሩ ካልተከፈተ ሽሮውን ማን ሊበላው ነው?"

"እሱን ለዛፉ ንገረው!"

ዓይኔ ጣሳዋ ላይ አረፈ። የጁባ ሙቀት ቅቤውን አቅልጦ ዘይት አስመስሎታል። እስከ ፋሲካ እንደሆነ ሥራ ፈት ናት። መጋዝ ደግሞ አይጾምም... የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ያሉት ለእኔ ነው መሰለኝ። ግማሹን ቀድቼ ወሰድኩለት።

ጋትሏክ አሸተተና ቀና ብሎ አየኝ። "ይሄ ቅቤ ነው።"

"ቀስ በል እንጂ! ይሠራል አይሠራም?"

"መሥራቱን ይሠራል። ግን ለሰው ከልክላችሁ ለመጋዝ ታጠጣላችሁ? ላሞቹ ቢሰሙ ምን ይላሉ?"

ሞተሩ ተነሳ። ሰንሰለቱ ግንዱን ሲግጠው ፍቅፋቂው ይረግፍ ጀመር። ሽታውስ! ኮረሪማው ጋለ፣ ኮሰረቱ ነቃ፣ ያ መራራ ኒም ክትፎ ክትፎ ሸተተ! ቦዳቦዳዎች ሳይቀሩ እየቆሙ አፍንጫቸውን ቀና አደረጉ።

ጋትሏክ መሃል ላይ አቁሞ ቅቤውን እንደገና ሞላ። ሰንሰለቱ መጠጣቱን ለማወቅ ጫፉን ወደ ነጭ ነገር አዙረው ሞተሩን ያስጮኹታል፤ ቀጭን መስመር ከረጨ ጤነኛ ነው። በጎን በኩል የአጥሩን ቀዳዳ ለመጋረድ ወደ ተንጠለጠለው ነጭ ሸራ አዞረና አስጮኸው። ልክ በዚያች ቅጽበት ሸራው ተገለጠ። በሩ ሲዘጋባቸው በጎን የዞሩት ጋሽ ደምሴ ናቸው!

ከነጠላቸው ጫፍ እስከ ሪዛቸው አንድ ቀጭን መስመር ተሰመረ። ጋትሏክ ሞተሩን አጠፋ። ጋሽ ደምሴ ሪዛቸውን ላሱ።

"ይሄ... ኮረሪማ አለው።"

እንደገና ላሱ። "ኮሰረትም አለው።"

ሦስተኛ ጊዜም ላሱ፤ አሁን ግን ቀስ እያሉ።

የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል ይባላል። በእኔ ግቢ ግን የሚልሱት ብልሁ ነበሩ፤ ለማልቀስ የደረሰው ሞኙ እኔ!

"ቅቤ!" አሉ በመጨረሻ። "በሁዳዴ! በዓርብ ቀን!"

ከኋላቸው የሀይ ጀላባ ጾመኛ ቆሞ ይሰማል። እሳቸው ከሄዱ ሁሉም ይሄዳል፤ ቤቴም አለቀላት። ስለ ጣሳዋ፣ ስለ ዘይቱ፣ ስለ ሰንሰለቱ ቦይ ሳይቀር ተንተባተብኩ።

"ድስት አልነካም ጋሼ! መጋዝ ውስጥ ብቻ ነው የገባው!"

"እንጨቱስ? እንጨቱ የት ነው የሚገባው?"

የት ይገባል... ምድጃ ነዋ! ዞር ስል እትዬ ዘነበች ሽርጧን ሙሉ ፍቅፋቂ ታቅፋ ወደ ወጥ ቤት እያመራች ነው። ቆጣቢ ናት፣ እግዜር ይይላት!

"እትዬ! አንዲት ስንጣሪ እንዳታስገቢ!" ብዬ ጮህኩ። "እሱ የፍስክ እንጨት ነው! እስከ ፋሲካ እሳት አይነካውም! የጾሙ እንጨት በዚያ በኩል ነው!"

ምን እንዳናገረኝ አላውቅም፤ ከአፌ ወጣ። ጋሽ ደምሴ እኔን አዩ፣ ሽርጡን አዩ፣ ግንዱን አዩ።

"ድስት የሚለይ ቤት አይቻለሁ" አሉ ቀስ ብለው። "እንጨት የሚለይ ግን ገና ዛሬ አየሁ።" ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ውስጥ ዘለቁ። ሰዉም ተከተላቸው። እፎይ!

ጋትሏክ ግን ነገር አይተውም። "ጋሼ፣ የላሱትስ?"

"ሳያውቁ የላሱት አይቆጠርም።"

"ሦስተኛውስ?"

ጋሽ ደምሴ ሽሮ አዘዙ።

ጉማጆቹን ግቢው ጥግ ደረደርናቸው። በማግስቱ ጋሽ ደምሴ ወንበር ሳቀርብላቸው "ወገቤን ያመኛል" ብለው ጉማጅ ላይ ተቀመጡ። ቀጥሎ አንድ ሾፌር ወገቡን አመመው። ሆሳዕና ሲደርስ ወገቡ ጤነኛ የሆነ ደንበኛ አልነበረኝም፤ የፕላስቲክ ወንበሮቼ ጦማቸውን አደሩ። ጋሽ ደምሴ ደግሞ በየመሃሉ ጎንበስ ብለው ጫማቸውን ያስራሉ።

"ጋሼ" አልኳቸው አንድ ቀን ጠጋ ብዬ፣ "ያደረጉት እኮ ነጠላ ጫማ ነው።"

"ማሽተት ጾም አይገድፍም!" ብለው ተቆጡኝ።

ፋሲካ ደረሰ። በጣሳዋ የቀረውን ቅቤ አንድ ጠብታ ሳልሰስት ክትፎው ላይ አፍስሼ መጀመሪያ ለእሳቸው አቀረብኩ። ቤቱ በሙሉ ፍርዳቸውን ይጠብቃል። ጎረሱ። ዓይናቸውን ጨፍነው አላመጡ። ከዚያም እትዬ ዘነበች ለምድጃ እየፈለጠች ወደምትጨርሰው ጉማጅ አይተው በረጅሙ ተነፈሱ።

"አይ ልጄ... የግንዱ ይሻል ነበር።"