አብረን የጨረስነው መድኃኒት

ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም ባለው አገር በልግስና የኛን ጽዋ ማኅበር የሚስተካከል እንደሌለ ይታወቅልን። የማኅበሩ አለቃ፣ እንደ ደንቡ ሙሴ የምንላቸው፣ አቶ ያረጋል ናቸው። ንግግር ያውቁበታል። ተነሥተው «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» ሲሉ እንባው የማይመጣ የለም። ሲሉም ወደኔ ያያሉ። አንድ ጊዜ ተራዬ ደርሶ ስደግስ ጠላዬ ቀጥኖ ነበርና «ንፉጉ ንብረት» የሚል ስም ያወጡልኝ እሳቸው ናቸው። ቂም አልያዝሁም፤ ለታሪክ እንዲቀመጥ ያህል ነው የማነሣው።

እንግዲህ ባለቤታቸውን ወይዘሮ አስካለ ማርያምን ሽንታቸው እሳት ሆኖ አቃጠላቸው። ፍኖተ ሰላም ሄደው ተመረመሩ፤ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነው ተባሉና የሚዋጥ መድኃኒት ታዘዘላቸው። መድኃኒት አዳይዋ ሠርክአዲስ አደራ አለች፦

«እናቴ፣ ቢሻልዎትም እንዳያቋርጡ። ጠዋትና ማታ እየዋጡ ይጨርሱት።»

ጥቂት እንደዋጡ ማቃጠሉ ተዋቸው። በዚያው ሰሞን የማኅበሩ ተራ እነሱ ቤት ሆነ። ሙሴያችን የተረፈውን የመድኃኒት እሽግ ከፍ አድርገው ቆሙ።

«ወገኖቼ! እሷስ ድናለች። ይህ ተቀምጦ ይበላሽ? ብቻውን የበላ...»

«ብቻውን ይሞታል!» አለ ማኅበርተኛው።

መድኃኒቱ ታደለ። አንዱ ለጥርሱ ወሰደ፣ አንዷ ለጉልበቷ። ጠላ ቀጂው ስመኘው ፍሬዋን ፈልቅቆ ዱቄቷን ኮርቻ በላጠው የበቅሎው ጀርባ ላይ ነሰነሰ። በቅሎም ማኅበርተኛ ሆነች። እኔ ዘንድ ሲደርስ አለቀ፤ ዕጣዬ ነው።

ብዙም ሳይቆይ ወይዘሮ አስካለ ማርያምን ትኩሳት ጣላቸው፤ ጎናቸውን ይዘው ያቃስቱ ጀመር። ደግፎ የሚወስድ ሲፈለግ ቸሩ ማኅበርተኛ ሁሉ ሥራ በዛበት። ከባለቤታቸው ጋር ንፉጉ ሄድሁ።

«መድኃኒቱን ጨርሰዋል?» አለች ሠርክአዲስ።

«በሚገባ!» አሉ ሙሴ ቀደም ብለው። «አንዲት ፍሬ አላተረፍንም።»

«አላተረፍንም? ስንት ሆናችሁ ነው የታመማችሁት?»

«የታመመችስ እሷ ናት። የጨረስነው ግን በማኅበር ነው።»

«በቅሎዋ እንኳ አልቀረች» አልሁ፣ ለእውነት ያህል።

ሠርክአዲስ ግንባሯን ያዘች። «አባቴ፣ ሕመሙ መቼ ዳነ? አድብቶ ነው እንጂ! አሁን ወደ ኩላሊት እየዘለቀ ነው። አሁን የሚታዘዝላቸውም ከተቋረጠ ሕይወታቸው ያሰጋል።»

ሐኪሙ እንደገና መርምሮ ሌላ መድኃኒት አዘዘ። ቤት ስንደርስ ወይዘሮ አስካለ ማርያም እሽጉን ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው እጄ ላይ አኖሩት።

«ንብረት፣ አንተ ያዝልኝ። ጠዋትና ማታ እያመጣህ ታስውጠኛለህ።»

«እኔ? ባለቤትዎ እያሉ?»

«እሳቸውማ ቸር ናቸው። አሁን የሚያስፈልገኝ እንዳንተ ያለ ንፉግ ነው።»

ተሾምሁ። ሙሴ ራሳቸው «ወገቤን ያዘኝ፤ አንዲት ብቻ» ብለው ደጄ ቢመጡ «አልሰጥም!» አልኋቸው። ዕድሜ ልኬን ያልሁት ቃል ነው፤ እንደዚያ ቀን ግን ጣፍጦኝ አያውቅም። መድኃኒቱ አንድ ሳይቀር ለታማሚዋ ሆነ፤ ሴትዮዋም ዳኑ።

በተከታዩ ማኅበር ሙሴያችን ተነሥተው ረጅም ንግግር አደረጉ፤ የእህታችን መዳን የማኅበራችን ልግስና ፍሬ መሆኑ ተገለጸ፤ ተጨበጨበ። ጠላው እኔ ዘንድ ሲደርስ ስመኘው ወደ ሙሴ አየና ዋንጫዬን ግማሽ ቀዳልኝ።

«ሙላለት!» አሉ ወይዘሮ አስካለ ማርያም ሊያግዙ ከገቡበት ከባለተራው ጓዳ ብቅ ብለው። «እሱ ባይነፍጋችሁ ኖሮ ዛሬ የምትጠጡት የኔን ተዝካር ነበር!»